ቀጠሮው በአቦል ያልቃል

ነርሲንግ መማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ በደቡብ ለንደን ባለው ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ነገር እታዘባለሁ። በአቦሉ ጊዜ ሁሉም ሰው ደህና ነው፤ ልጆች ደህና ናቸው፣ ሥራ ደህና ነው፣ አገር ቤት ያሉትም «እግዚአብሔር ይመስገን» ደህና ናቸው። በቶናው ከቦርሳ ደብዳቤ ይወጣል። «እስቲ ይቺን እይልኝ፣ ከካውንስል ነው የመጣችው።» በረካው ሲቀዳ፣ ሌሎቹ ጨዋታ እስኪይዙ ተጠብቆ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ነርስ አይደለሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለእኔ አይደለም፤ ለጓደኛዬ ነው።»

ጓደኛቸው ማን እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም። ጥያቄው ግን ብዙ ነው። የደም ግፊት ክኒን ሲያልቅ የጎረቤትን መዋጥ ይቻላል? የልጁ መኝታ ቤት ግድግዳ ጠቁሯል፣ ልጁም ሌሊት ሌሊት ያስላል፤ ይገናኛል ወይ? ጾም ሲገባ የስኳር መድኃኒት እንዴት ይደረጋል? ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥለው በሎሚ ውሃ ይለቃል?

እኔ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዚህ አገር የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ከዕውቀትሽና ከችሎታሽ ወሰን አትለፊ ይላል። ስለዚህ ለአብዛኛው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ሳይሆን በር ነው፤ ይህን ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፣ ይህን ለጂፒዎ ይንገሩ፣ ይህን በጽሑፍ ያድርጉት እላለሁ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ፣ ሕግም ተማሩ ኢንጂነሪንግ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እንደምትጠየቁ አውቃለሁ። ይህን የጻፍኩትም ለዚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐበሻ መጠየቅ አይወድም ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነው። በንጉሡ ዘመን ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚል ዓምድ አንባቢዎች ለሚልኩት ጥያቄ መልስ ይሰጥ ነበር። በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ፣ በራሱ ንባብ የተማረ ሰው ነው። አያቴ ጋዜጣው እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚገልጡት ያንን ዓምድ እንደነበር አባቴ ነግሮኛል። ሰው የልቡን ጥያቄ ጽፎ ለማያውቀው ጋዜጠኛ ሲልክ ነበር ማለት ነው።

እዚህ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታወጀ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ዛሬ ሲቲዝንስ አድቫይስ የምንለው ድርጅት የመጀመሪያዎቹን 200 ቢሮዎች ከፈተ። በጦርነቱ ዓመታት ሰዎች ስለጠፋ የራሽን ደብተር፣ ስለ ዕዳ፣ የት እንደገባ ስላልታወቀ ዘመድ ሊጠይቁ ይመጡ ነበር። የፈረስ ማጓጓዣ የነበረ ተሽከርካሪ እንኳ ተንቀሳቃሽ ቢሮ ሆኖ ቦምብ ወደ ወደቀባቸው ሰፈሮች ይሄድ ነበር። ዛሬም ስለ ቤት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ሥራና ስለ ድጎማ የሚሰጠው ምክር ነጻ ነው።

እንግዲህ ጠያቂም አለ፣ መላሽም አለ። የማያገናኛቸው ሰዓቱ ነው። የጂፒ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በእኛ ወግ አሥር ደቂቃ የሰላምታ ጊዜ ነው። ሰላምታ ሳያልቅ ችግር መናገር ነውር ነው፤ ትንሹ ችግር ይቀድማል፣ ትልቁ ይከተላል። እናቶቻችን ወደ ሐኪም ሲገቡም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዘው ይገባሉ። መጀመሪያ የጉልበት ሕመም፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ማጣት። ዋናው ነገር ሊወጣ ሲል ጊዜው አልቋል። ቀጠሮው በአቦል ያልቃል፤ በረካው ሳይቀዳ ይቀራል።

ይህን የተረዳሁት ከእናቴ ነው። የምጽፈውም እሷ ፈቅዳልኝ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቴ ሐኪም ቤት አብሬያት እየሄድኩ አስተረጉም ነበር። «ደክሞኛል በያት» ትለኛለች፣ እላለሁ። ሐኪሟ ደም አስመረመረች፤ ደሟ አነሰ ተባለ፤ የአይረን ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑን ስትወስድ ትሻላለች፣ ስታቆም ይመለስባታል። ሐኪሟ «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ብላ በጠየቀች ቁጥር እማዬ ፊቴን ታይና «የለም በያት» ትላለች። እኔም «የለም» እላለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ፎቅ ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ታርፍ ነበር፤ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አንዲት ነርስ እኔን ሳይሆን እሷን እያየች «በስልክ አስተርጓሚ ላምጣልሽ?» አለቻት። እኔ ውጭ እንድጠብቅ ተደረገ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ምንም አልነገረችኝም። ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና መጣ። ማዮማ ነበር። የወር አበባዋ ለዓመታት ከመጠን በላይ ይፈስ ነበር፤ የደም ማነሱም ከዚያ የመጣ ነው። ማዮማ በጥቁር ሴቶች ላይ በይበልጥ የሚታይ፣ የተለመደና የሚታከም ነገር ነው። ነርሲንግ ስገባ ራሷ ነገረችኝ። «ልጄ ፊት እንዴት ብዬ ልናገረው?» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ ግን ከሐኪሟ አልደበቀችም፤ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ነው የደበቀችው። መሃል ላይ የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ ከሁለታችንም ተደበቀ።

ለዚህ ነው አንደኛ የምለው ልጅ አስተርጓሚ አይሁን። የኤንኤችኤስ ኢንግላንድ የ2018 መመሪያ ታካሚ ያለ ክፍያ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲያገኝ፣ ቤተሰብ በተለይም ልጆች እንዳያስተረጉሙ ይመክራል። ቀጠሮ ሲያዝ ነው መናገር ያለባችሁ፤ ሴት አስተርጓሚ ይሻለኛል ማለትም ይቻላል። በረካ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ስጋት ደግሞ አለ። «አስተርጓሚዋ የምታውቀኝ ሰው ብትሆንስ? ለንደን ውስጥ ያለን ሐበሾች ስንት ነን?» ስጋቱ እውነት ነው። አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ይህ ካላረጋጋ በስልክ ይሁንልኝ በሉ፤ በስልክ የምትመጣው ሌላ ከተማ ያለች ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ስማችሁንም ለእሷ መንገር የግድ አይደለም። 111 ስትደውሉም መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ብላችሁ መጠበቅ ይበቃል።

ሁለተኛው በረካውን ማስቀደም ነው። ነርሶች ለሐኪም ስለ ታካሚ ስንናገር ኤስባር የሚባል ቅደም ተከተል እንማራለን፤ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደ ሕክምና የገባ ነው ይባላል። በቤታችን ቋንቋ ወደ አራት ጥያቄ ለውጬዋለሁ። ምን ሆንኩ? ከመቼ ጀምሮ? ምን አሳሰበኝ? ምን እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ? አራቱን በአራት መስመር፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ጽፎ መግባት ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ነገር መጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን። አፍ ቢያቅተው ወረቀቱ ለአስተርጓሚዋ ይነበባል።

ይህ ለሐኪም ብቻ የሚሠራ አይደለም። ጎረቤታችን የሆኑ እናት የልጃቸው ክፍል ግድግዳ ሻጋታ ይዞት ነበር። አከራያቸው ጋ ሦስት ጊዜ ደውለው «መስኮት ክፈቺ፣ ስትቀቅዪ ክዳን ግጠሚ» ተባሉ። እሳቸውም ወጡን ቀነሱ፣ በክረምት መስኮት ከፈቱ፣ ግድግዳውን በበረኪና አጠቡ። ሻጋታው ተመለሰ። በረካ ላይ የጠየቁኝ «ምን ብቀባው ይሻላል?» ብለው ነበር።

ስለ አዋብ ኢስሃቅ ነገርኳቸው። ከሱዳን በመጡ ወላጆች ቤት የተወለደ ልጅ ነው። በዲሴምበር 2020 ሮችዴል ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት በሞላው በሳምንቱ አረፈ። በኖቬምበር 2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ በመኖሪያ ቤቱ የነበረው ሻጋታ ለረጅም ጊዜ ሳንባውን በመጉዳቱ ነው ብላ ወሰነች። አባቱ ለአከራዩ ደጋግሞ አመልክቶ ነበር፤ ቀለም ቀባው ተብሎም ነበር። አከራዩ በኋላ ስለ ቤተሰቡ አኗኗር ግምት ወስዶ እንደነበር አምኗል። «ምግብ አሠራራችሁ ነው፣ አስተጣጠባችሁ ነው» የሚለውን ነገር ስንቶቻችን ሰምተነዋል።

በልጁ ስም የተጠራው የአዋብ ሕግ በእንግሊዝ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የካውንስልና የሃውሲንግ አሶሴሽን አከራዮች ሕይወትን የሚያሰጋ አስቸኳይ ችግር በ24 ሰዓት ውስጥ ማስተካከል አለባቸው። ለጤና የሚያሰጋ እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መርምረው፣ ምርመራው ባለቀ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ውጤቱን በጽሑፍ መስጠት፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥም ቤቱን ከአደጋ ነጻ ማድረግ አለባቸው። ከግል አከራይ ለተከራየ ሰው በሩ ሌላ ነው፤ የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ነው።

ከጎረቤታችን ጋር ቁጭ ብለን አራቱን መስመር ጻፍን። «በልጄ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ጥቁር ሻጋታ አለ። ከኖቬምበር ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ አስም አለበት፣ ሌሊት ያስላል። በአዋብ ሕግ መሠረት ቤቱ እንዲመረመርና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ቀን ያለበት ፎቶ አያይዘው በራሳቸው ኢሜይል፣ በራሳቸው ጣት ላኩት። በስምንተኛው የሥራ ቀን ሰው መጣ። ለካ ውጭ ያለው የዝናብ ቦይ ተሰብሮ ውሃው ወደ ግድግዳው ይገባ ነበር። ከወጡ ጋር ምንም አይገናኝም። መልስ ባይመጣ ኖሮ ቀጣዩ በር ለአከራዩ መደበኛ አቤቱታ ማስገባት፣ ከዚያም ወደ ሃውሲንግ ኦምቡድስማን መሄድ ነበር፤ እሱም ነጻ ነው።

ወደ ሌሎቹ የበረካ ጥያቄዎች ልመለስ። ለብዙዎቹ በሩ ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ነው። ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝ ፋርማሲስቶች ሰባት ችግሮችን ያለ ጂፒ ማየትና ካስፈለገ መድኃኒት መስጠት ይችላሉ። እነሱም የጉሮሮ ሕመም፣ የጆሮ ሕመም፣ ሳይነስ፣ የተመረዘ የነፍሳት ንክሻ፣ ኢምፔታይጎ የሚባለው የቆዳ ቁስል፣ አልማዝ ባለጭራ እና የሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ናቸው። እያንዳንዱ የዕድሜ ወሰን አለው፤ የሽንቱ ከ16 እስከ 64 ዓመት ላሉ፣ ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ሴቶች ነው። ባንኮኒው ላይ ሰው እየሰማ መናገር አያስፈልግም፤ «በግል ላናግርህ» ብትሉ የምክር ክፍል አለ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጎን ሕመም ከጨመረበት ግን የሎሚ ውሃ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ጂፒ ወይም ወደ 111 ነው።

ክኒን ሲያልቅም የጎረቤት ክኒን አይዋጥም። ስሙ አንድ ቢሆን እንኳ መጠኑ ሊለይ ይችላል። የዘወትር መድኃኒት በድንገት ካለቀ 111 በአቅራቢያ ካለ ፋርማሲ አስቸኳይ መድኃኒት የሚገኝበትን መንገድ ያመቻቻል። «ሰው የሚዋሰው እኮ ስለሚወደድ ነው» ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ በእንግሊዝ ለአንድ መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ይከፈላል። ግን 60 ዓመት የሞላቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና በአንድ ዓመት ውስጥ የወለዱ እናቶች፣ ለስኳር መድኃኒት የሚወስዱም አይከፍሉም። ለነፍሰ ጡሮቹና ለስኳር ታካሚዎቹ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ጂፒው ጋ ይጠየቃል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ደግሞ ኤችሲ1 የሚባለውን ቅጽ መሙላት ይችላል። ጾምን በተመለከተ፣ ጥያቄው ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ለጂፒው ወይም የስኳር ታካሚዎችን ለምትከታተለው ነርስ ይቅረብ። መድኃኒቱን ራስ በራስ መቀነስ ወይም ማቆም አደጋ አለው። የንስሐ አባትም ይጠየቁ፤ የእማዬ ጓደኛ ሲጠይቁ የተባሉት «ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ» ነው።

የማይጠየቅ ጥያቄም አለ፤ ማንም ጥያቄ ነው ብሎ ስለማያስበው። እሱም ከሰላችን ነው። አገር ቤት ቡና የሚፈላው በር ተከፍቶ ነው። ለንደን ውስጥ በክረምት በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ ማንደጃው ሳሎን መሃል ይቀመጣል፤ የጭስ ማንቂያው እንዳይጮህ በፌስታል ይሸፈናል። ከዚያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ «እጣኑ ነው» ይባላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ጉንፋን አይደለም፤ ከቤት ወጥቶ እርዳታ መጥራት ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አከራዮች ቋሚ ማሞቂያ፣ ለምሳሌ ቦይለር፣ ባለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲያስገቡ ሕጉ ያዛል። ሕጉ ግን የእኛን ማንደጃ አያውቀውም። ስለዚህ ማንቂያውን ራሳችን ገዝተን እንስቀል፤ ጀበናውንም በኤሌክትሪክ ምድጃ እናፍላው። ከሰል ቤት ውስጥ አይንደድ።

ይህን ሁሉ ስል ቡናው ይቅር ማለቴ አይደለም። እማዬ ሦስት ዓመት ለሐኪም ያልተናገረችውን ለአንዲት ጓደኛዋ በረካ ላይ ተናግራው ነበር። አስተርጓሚ ለካ ይሰጣል ብላ የነገረቻትም ያቺው ጓደኛዋ ናት፤ ነርሷ ስትጠይቃት «አዎ» ማለት የቻለችው ለዚያ ነው። አሥር ደቂቃ ያለው ሐኪም ያንን ሊሠራ አይችልም። ጥያቄ ቅርጽ የሚይዘው፣ ይሉኝታም የሚላላው ቡናው ላይ ነው። እዚያው እንዳይቀር ማድረግ ግን የእኛ፣ ሁለቱን ቋንቋ የምንችለው ልጆች ሥራ ነው። «ለጓደኛዬ ነው» ሲባል ጓደኛዋን አንጠይቅ። ወረቀት እናምጣና አራቱን መስመር አብረን እንጻፍ፤ በሩን እናሳይ፤ ከተፈለግን እስከ በሩ እንሸኝ። ወደ ውስጥ ግን አንግባ።

እማዬ ባለፈው ወር ለራሷ ቀጠሮ ብቻዋን ሄደች። ሌሊቱን ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አራት መስመር ስትጽፍ አይቻታለሁ። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።